የእድራችን መዝገብ፦ ፕሮግራም መጻፍን በነፃ የተማርኩበት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

እሑድ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017

ከእድር ስብሰባ ተመልሼ መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ጉለሌ ያለው እድራችን 186 አባላት አሉት፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ዛሬ አንዲት እናት በጉባኤው መካከል ተነሥተው፣ የሦስት ወር መዋጮ አልከፈሉም ተብለው ቅጣት እንደተጻፈባቸው ተናገሩ። ከፍለዋል። ደረሰኞቹን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አሳዩኝ። መዝገቡን ስገልጥ ገንዘቡ የተጻፈው አራት ገጽ አልፎ፣ በሌላ ሴት መስመር ላይ ሆኖ አገኘሁት። የአንዷ ስም «ፀሐይ»፣ የሌላዋ «ጸሐይ» ተብሎ ተመዝግቧል። በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ምን ይደረግ ልጄ፣ ደክሞሽ ይሆናል» አሉኝ። እስከ ማታ ድረስ ቃላቸው ከራሴ አልወጣም።

ቀን የምሠራው የሒሳብ ሥራ ስለሆነ ኤክሴል አውቃለሁ፤ መዝገቡን ወደዚያ መገልበጥ የሁለት ሳምንት ጉዳይ ነው። ነገር ግን የሁለቱን «ጸ» ችግር አይፈታልኝም። ጳጉሜንንም አያውቃትም። ከዚህ በላይ ደግሞ ለዓመታት በኮምፒውተር ስሠራ ከመስታወቱ ጀርባ ምን እንደሚካሄድ ሳላውቅ መኖሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ የእድሩን መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ራሴ ልጽፍ፣ ለዚያም ከሥሩ ልማር ወስኛለሁ። ለትምህርት የምከፍለው ገንዘብ የለኝም፤ ነፃ የሆነውን ብቻ ነው የምጠቀመው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ሁለት ማታ በምርጫ ብቻ አለቀ። ነፃ ትምህርት ሞልቷል፤ ሰውን የሚያስቀረው ብዛቱ ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤምአይቲ፣ የትምህርት ማስታወሻዎቹንና ፈተናዎቹን ለዓለም ሁሉ በነፃ እንደሚለቅ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ዛሬ ፓይዘን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መግቢያውም፣ ጠንከር ያለው የአልጎሪዝም (የስሌት ቅደም ተከተል ዘዴ) ትምህርቱም ከነቪዲዮው ተቀምጦ ይገኛል። ፍሪኮድካምፕ እ.ኤ.አ. በ2014 በኩዊንሲ ላርሰን የተመሠረተ ሲሆን፣ ተማሪው እዚያው ገጹ ላይ ኮድ እየጻፈ ይማራል። ኦዲን ፕሮጀክት ደግሞ ገና ከመጀመሪያው መሣሪያዎቹን በራስህ ኮምፒውተር ላይ ጫን ይላል፤ ድረ ገጽ መሥራት የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ እሱን እመክረዋለሁ። እኛ ዘንድም ባለፈው ሐምሌ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በትብብር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አለ። የእህቴ ልጅ የድረ ገጽ ፕሮግራሙን ኮርስ ጀምሮ ደስ ብሎት እየተማረ ነው።

እኔ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲን የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ትምህርት፣ ሲኤስ50ን፣ መረጥኩ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚመራው ዴቪድ ማላን ነው። የመረጥኩት በስሙ አይደለም። በየሳምንቱ የሚሰጠው የቤት ሥራ ቀላል አይደለም፤ መልሱም በምርጫ የሚከበብ ሳይሆን የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በዚያ ላይ በሥዕል ቁርጥራጮች ከሚጻፈው ስክራች ተነሥቶ በሲና በፓይዘን ቋንቋዎች፣ የመረጃ ቋት መጠየቂያ በሆነው በኤስኪውኤልም በኩል ያልፋል። ለእድሩ መዝገብ የሚያስፈልጉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቢሆኑም ሲን መዝለል አልፈለግኩም።

ለራሴ የጻፍኩት ሕግ ይህ ነው፦ አንድ ትምህርት፣ አንድ ሥራ፣ እስከ መጨረሻው። ሌላ የተሻለ አለ የሚል ሰው ቢመጣ ስሙን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ እንጂ አልከፍተውም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ዋልኩ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት ትምህርት ከነማስታወሻው አውርጄ በፍላሽ ይዤ ተመለስኩ። ሲኤስ50 ቪዲዮዎቹን በልዩ ልዩ የጥራት ደረጃ ለማውረድ ስለሚፈቅድ ዝቅተኛውን ወሰድኩ። የመምህሩ ፊት ይደበዝዛል፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ኮድ ግን ከታተመው ማስታወሻ ጋር ሲያዩት ይነበባል። ለቤት የሚሆነኝን የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል የምገዛው የቤት ሥራ ለመላክ ብቻ ነው።

ኪዊክስ የሚባለውንም ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። ዊኪፔዲያንና ሌሎች ድረ ገጾችን አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የተሠራ ነው። የፓይዘንን ሙሉ መመሪያ በእሱ አስቀምጫለሁ። ኢንተርኔት በሌለበት ማታ አንዲት ቃል ለማየት ሌላ ቀን መጠበቅ ቀረልኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

የመጀመሪያውን ትምህርት ጨረስኩ። መምህሩ ወፍራም የስልክ ማውጫ ይዞ መሐል ላይ ይከፍታል፤ የሚፈለገው ስም በየትኛው ግማሽ እንዳለ አይቶ ሌላውን ግማሽ ቀድዶ ይጥላል፤ የቀረውንም እንደገና ለሁለት። እኔም መዝገቡን አውጥቼ (ሳልቀድድ) ሞከርኩት። ስሞቹ በተራ ከተደረደሩ ከ186 አባላት አንዱን ለማግኘት ቢበዛ ስምንት ጊዜ መግለጥ ይበቃል። አባላቱ ሁለት እጥፍ ቢሆኑ የሚጨመረው አንድ መግለጥ ብቻ ነው። ይህን አምስት ዓመት መዝገብ ስገልጥ ሳላውቀው መኖሬ! የእኛ መዝገብ ግን የተደረደረው በፊደል ሳይሆን በገቡበት ዘመን ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ የምፈልገው ከላይ ወደ ታች ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ሲ ጀመርኩ። ፕሮግራሙ የሚጻፈው በሰው ቋንቋ መልክ ነው፤ ከዚያ ኮምፓይለር የተባለው ወደ ዜሮና አንድ ይለውጠዋል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቧ ብትጎድል አሻፈረኝ ይላል። ስህተቱን የሚነግረኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን መልእክት በደብተሬ በአማርኛ እየጻፍኩ ትርጉሙን አጠናለሁ። ሠላሳ ያህል ከጻፍኩ በኋላ የሚደጋገሙት ስድስት ወይም ሰባት ብቻ መሆናቸው ገባኝ።

ሒሳብ ሠራተኛን የሚያስደነግጥ ነገርም አየሁ። 0.1 ላይ 0.2 ደምሬ እስከ 17 አኃዝ አሳየኝ ስለው 0.30000000000000004 አለ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በሁለት መደብ፣ በዜሮና በአንድ ብቻ፣ ነው፤ አንድ ሦስተኛ በአሥር መደብ ሲጻፍ ማለቂያ እንደሌለው ሁሉ፣ አንድ አሥረኛም በሁለት መደብ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ይቆረጣል። የእድሩን ገንዘብ በነጥብ አላስቀምጥም፤ ሁሉንም በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር እይዘዋለሁ። 100 ብር 10000 ተብሎ ይገባል። ውሳኔዋን በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኳት።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ዛሬ ያየሁትን በዝርዝር ልጽፈው፤ ከእስካሁኑ ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ይህ ነው።

የሁለተኛው ሳምንት ትምህርት ስለ ቃላት ነው። በሲ ውስጥ የአንድን ቃል ርዝመት የሚቆጥር ስትርሌን የሚባል ትእዛዝ አለ። በትምህርቱ ላይ ያሉት ስሞች ሁሉ በላቲን ፊደል ናቸው፤ እኔ «አበበ» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ፊደል። መልሱ 9 ሆነ።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። 9። «አ» ብቻ ጻፍኩ፤ 3። እያንዳንዱን ቁራጭ በቁጥር አሳየኝ ስለው -31፣ -118፣ -96 የሚል መጣ። ፊደል እንዴት ከዜሮ በታች ይሆናል? ማስታወሻውን ደጋግሜ ሳነብ፣ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ባይት የሚባለው አንዱ ቁራጭ ምልክት ያለው (ከዜሮ በታችም የሚወርድ) ቁጥር ሆኖ እየተነበበ መሆኑን አገኘሁ። ምልክቱን ሳስቀር 225፣ 138፣ 160 ሆነ። ለ«በ» ደግሞ 225፣ 137፣ 160።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ባይት የሚይዘው 256 ዓይነት ቁጥር ነው። የመጀመሪያው የፊደል ሠንጠረዥ፣ አስኪ፣ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ የተሠራውም ለእንግሊዝኛ ነው። የዓለምን ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል የጨመረው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። እነዚያን ትልልቅ ቁጥሮች በባይት ከፋፍሎ የሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ-8 የተባለው ዘዴ ሲሆን፣ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 አወጡት። በእሱ ስሌት የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት፣ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ሲ የቆጠረልኝ ባይቱን ነው እንጂ ፊደሉን አይደለም።

በእንግሊዝኛ ስም የሠራ ሰው ፊደልና ባይት አንድ ይመስለውና ልዩነቱን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። እኔ በአንድ «አበበ» ልዩነቱን አየሁት። ለዚህ ነው ትምህርቱን ለሚጀምር ሁሉ የምለው፦ ምሳሌውን እንደተሰጠህ አትገልብጠው፤ የራስህን ስም፣ የሰፈርህን ሰው ስም አስገባበት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ሦስተኛው ሳምንት፣ የመደርደር ዘዴዎች። በሒሳብ ሥራ ያደገ ሰው ይወደዋል። አለፍኩት።

ዓርብ፣ ጥር 9

ከገና በኋላ አምስት ማታ በአንድ ነገር ላይ ተቀመጥኩ፦ ፖይንተር። አንድን ዕቃ ሳይሆን ዕቃው ያለበትን የማኅደረ ትውስታ አድራሻ የሚይዝ ተለዋዋጭ (በፕሮግራም ውስጥ ዋጋ የሚቀመጥበት ስም) ነው። ፕሮግራሜ በተነሣ ቁጥር ወዲያው ይወድቃል፤ ያልተፈቀደልህን ቦታ ነክተሃል ይለኛል።

አራተኛው ማታ እናቴ ቡና እየቆላች ምን ሆነሻል አለችኝ። ለእሷ ስል ጮክ ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። «እማዬ፣ የቤት ቁጥርና ቤት ይለያያሉ አይደል? እኔ ለፕሮግራሙ የምሰጠው ቁጥሩን ነው። እሱ ሄዶ ቤቱን ያንኳኳል።» እሷም መቁያዋን እያወዛወዘች «ቤቱ ከፈረሰስ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ኮዴን ስከፍተው በትክክል ያ ነበር፤ ቦታውን ከመለስኩ በኋላ በድሮው ቁጥር እየሄድኩ አንኳኳለሁ። አንድ መስመር ከፍ አድርጌ ሳስቀምጠው ሠራ።

ዛሬ የሳምንቱን የመጨረሻ ሥራ ፈጸምኩ። ከካሜራ ካርድ ላይ የተሰረዙ ፎቶግራፎችን መልሶ ማውጣት ነው። ካርዱ በ512 ባይት ክፍልፋይ ይነበባል፤ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ በሚታወቁ ባይቶች፣ በ255፣ 216፣ 255 ስለሚጀምር እነሱን እየፈለጉ ከዚያ መቅዳት ነው። ፕሮግራሙን አስነሥቼ ማኅደሩን ስከፍት 50 ፎቶግራፎች ተደርድረው አገኘሁ። መሰረዝ ማለት ለካ ከዝርዝሩ ስምን መፋቅ እንጂ ዕቃውን ማጥፋት አይደለም። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት።

እሑድ፣ የካቲት 16

ፓይዘን ላይ ደረስኩ። በሲ አንድ ሳምንት የፈጀውን የቃላት ማረሚያ ፕሮግራም በፓይዘን በአንድ ምሽት ጻፍኩት። ሲን ሳልማር ወደዚህ ብመጣ ኖሮ ይህ ቋንቋ ከኋላ ሆኖ ምን እንደሚሸከምልኝ አላውቅም ነበር።

«አበበ» ርዝመቱ ስንት ነው? 3! ፓይዘን የሚቆጥረው ፊደል ነው።

ይህ ብቻ አይደለም። የተለዋዋጮችን ስም በራሳችን ፊደል መጻፍ ይቻላል። ይህችን መስመር ጻፍኩ፦

ቀሪ = መዋጮ - የተከፈለ

ያለ አንዳች ቅሬታ ሠራች። ፓይዘን ከ3.0 እትሙ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ፣ ይህን ይፈቅዳል። ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ እንደሆኑ ይቀራሉ፤ ስሞቹ ግን የእድሩ ናቸው። ገንዘብ ያዣችን መስመሯን ሳሳያቸው ሳይቸገሩ አነበቧት።

እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር ገፍቶ በሌላ የሚተካውን የሳምንት ሁለቱን የምስጢር ጽሑፍ የቤት ሥራም በአማርኛ ሞከርኩት። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ላይ እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ቦታ ይዟል፤ «ሀ» 4608 ላይ፣ «ለ» 4616 ላይ፣ «ሐ» 4624 ላይ። አንድ ቢጨመር ሆሄው ይለወጣል፤ «ሰ» «ሱ» ይሆናል። ስምንት ቢጨመር ቤተሰቡ ይለወጣል፤ አናባቢ ድምፁ እንዳለ ይቆያል። «ሰላም» በስምንት ሲገፋ «ሸሓሥ» ሆነ። ልጆች ሳለን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ያልንበት ሰሌዳ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ በዚያው መልክ፣ በመስመርና በዓምድ ተቀምጦ አገኘሁት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

አሁን የተማርኩት ወደ ሥራው ገባ። የመረጃ ቋቱ ኤስኪውላይት ነው፤ ዋጋ አይጠየቅበትም፣ ለሕዝብ የተለቀቀ ነው፣ ሁሉንም በአንድ ፋይል ውስጥ ይይዛል። በፍላሽ ይገለበጣል።

መዝገባችን ላይ እያንዳንዱ አባል አንድ መስመር፣ ወሮቹ ደግሞ ዓምዶች ናቸው። መጀመሪያ እንዲሁ ልሠራው ነበር። ከኤስኪውኤል ትምህርት በኋላ ግን ሁለት ሠንጠረዥ አደረግኩት፦ አንዱ አባላትን ይይዛል፣ ሁለተኛው ክፍያን። እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ መስመር አለው፤ በአባሉ ቁጥር ብቻ ከሰውየው ጋር ይያያዛል። ስሙ የሚጻፈው አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ ላይ ነው። የዚያች እናት ገንዘብ የጠፋው በስም ስለምንመዘግብ ነበር። ከእንግዲህ በቁጥር ነው።

ስሙን መፈለግ ግን ይቀራል፤ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው በስሙ ነው እንጂ በቁጥሩ አይደለም። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ኀይሉ»፤ «ዓለሙ»፣ «አለሙ»። የፊደሉ አደራደር ረዳኝ። ከ«ኀ» ቤተሰብ 128 ሲቀነስ «ሀ» ይመጣል፤ ከ«ሐ» 16 ሲቀነስ እንዲሁ። ለ«ሠ» 16 ቢጨመር «ሰ»፣ ከ«ዐ» 48 ሲቀነስ «አ»፣ ከ«ፀ» 8 ሲቀነስ «ጸ»። በመጨረሻ «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ» መመለስ ነው። ሃያ መስመር የማትሞላ ኮድ ነች።

አንድ ነገር ላይ ግን ጸናሁ። ይህ ለፍለጋ ብቻ የሚውል ድብቅ ዓምድ ነው። በደረሰኙና በዝርዝሩ ላይ ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይወጣል። «ፀሐይ» የተባሉት «ፀሐይ» ሆነው፣ «ጸሐይ»ም «ጸሐይ» ሆነው ይቆያሉ። ወላጅ ያወጣውን ስም ለኮምፒውተር እንዲመች ማረም የእኔ ሥራ አይደለም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ቀኑ አስቸገረኝ። ፓይዘን የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው፤ የሚያውቀው ግን የአውሮፓውያኑን ነው። ለሙከራ ጳጉሜን 3 አስገባሁ፤ ወሩን 13 ብዬ። «ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት» ብሎ መለሰልኝ። በነፃ የሚገኙ የተዘጋጁ መቀየሪያዎች አሉ፤ አንዱን አውርጄ መገላገል እችል ነበር። ግን ራሴ ላድርገው አልኩ።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጎረቤታችን መሪጌታ በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ጠየቅኳቸው። «የኔታ፣ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን ዓመት እንዴት ነው የምታውቁት?» ሳቅ አሉ። «ባሕረ ሐሳብ ነዋ ልጄ። ዓመተ ዓለሙን ለአራት ትገድፊዋለሽ። አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ዮሐንስ። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን ስድስት ናት።»

ይህ በመጀመሪያው የሲ ሳምንት የተማርኩት የቀሪ ስሌት ነው፤ ያንኑ! በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ዓመተ ዓለም ማግኘት፣ ለአራት ማካፈል፣ ቀሪውን መያዝ። 2015 ሲደመር 7515፣ ቀሪው 3፣ ሉቃስ። እውነትም የዚያን ዓመት ጳጉሜን ስድስት ነበረች። አሁን ያለንበት 2017 ማቴዎስ ነው።

ከዚያ ተነሥቼ ቀናቱን ወደ አንድ ተራ ቁጥር መለወጥ ጀመርኩ። ያለፉት ዓመታት በ365 ይባዛሉ፤ ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ሙሉው ድርሻ ይጨመራል፤ ያለፉት ወራት በ30 ይባዛሉ፤ ያለፉት ቀናት ይደመራሉ። ለመስከረም 1 ቀን 2018 ይህ 736709 ይመጣል። ፓይዘን ለራሱ ቀኖች ከሚሰጠው ተራ ቁጥር ጋር ሳነጻጽረው ልዩነቱ ሁልጊዜ 2796 ነው። ሁልጊዜ። አሥር ቀን በእጄ አወጣሁ፤ አሥሩም ላይ 2796። መቀየሪያዬ በዚህች በአንዲት ቁጥር ላይ ቆመ።

የየኔታ ሁለተኛ ስሌት ደግሞ መፈተኛ ሆነኝ። ዓመተ ዓለሙና የእሱ አራተኛ ተደምሮ ለሰባት ሲገደፍ፣ አንድ ቢተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ፣ ሁለት ቢተርፍ ረቡዕ፣ ሦስት ቢተርፍ ሐሙስ እያለ ይሄዳል። ለ2018፣ 7518 ላይ 1879 ሲደመር 9397፤ ለሰባት ሲገደፍ 3 ይተርፋል፤ ሐሙስ። ፕሮግራሜም ሐሙስ አለ። ከ1900 እስከ 2100 ያሉትን ዓመታት ሁሉ በሁለቱም መንገድ እንዲያወጣ አዘዝኩት፤ አንድም ልዩነት አልተገኘም። ውጤቱን አትሜ ለየኔታ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሦስት ዓመት መርጠው በቃላቸው አመሳከሩ፤ «ደኅና አስልቷል» አሉ።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

የበጀት ዓመት መዝጊያ ስለሆነ ሥራ ከበደኝ። እስከ ሐምሌ አጋማሽ ኮድ አልነካም። በግንቦት ሁለት ቀብር ስለነበር የእድሩም ሥራ በዝቶ ነበር።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

የእድሩ ዳኛ ቤት ሄጄ ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየኋቸው። በጥሞና ተመለከቱና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ መብራት የጠፋ ዕለት ሰው ቢሞትብን ስሞቻችንን ከዚህ ማን ያወጣል?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ነገር ጨመርኩ። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ፋይሉን በዕለቱ ቀን ሰይሞ ወደ ፍላሽ ይገለብጣል። በየወሩ መጨረሻ ደግሞ የአባላቱን ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክና ቀሪ ዕዳ የያዘ ዝርዝር ይታተማል፤ አንዱ ቅጂ ዳኛው ዘንድ፣ አንዱ ጡሩምባ ነፊው ዘንድ ይቀመጣል። የድሮውን መዝገብም አንጥለውም።

አባላቱን ማስገባት ጀምሬያለሁ። የጥንቱ መዝገብ የአባል ቁጥር የተጻፈው በግእዝ አኃዝ ነው። ፓይዘን «፩»ን ሲያይ አኃዝ መሆኑን ያውቃል፤ ወደ ቁጥር ለውጥልኝ ሲሉት ግን እምቢ ይላል። የእኛ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ዐሥሩ፣ ሃያው፣ መቶው የየራሱ ምልክት አለው፤ ስለዚህ እንደ ሌላው በቦታ አይነበብም። ትንሽ መቀየሪያ ጻፍኩለት።

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ሁለቱን መዝገቦች፣ የወረቀቱንና የኮምፒውተሩን፣ ጎን ለጎን እያስኬድኩ ነው። የሐምሌ ድምር በ300 ብር ተለያየ። ስህተቱ የእኔ ፕሮግራም መስሎኝ ሦስት ምሽት ፈለግኩ። በመጨረሻ ከወረቀቱ ላይ አገኘሁት፤ አንድ ገጽ ሲደመር ሦስት ሰዎች ተዘልለዋል። የሚሠራ ፕሮግራም ትክክል መሆኑን ለማመን እንዲህ ያለ ፈተና ያስፈልገዋል፤ አሁን አምኜዋለሁ።

የእድሩን ፕሮግራም የሲኤስ50 ማጠቃለያ ሥራዬ አድርጌ ላክሁት። ሥራውን ሁሉ ለጨረሰ ሃርቫርድ የምስክር ወረቀት በነፃ ይሰጣል፤ ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ በኩል የሚሰጠው የተረጋገጠው ወረቀት ግን ይከፈልበታል። ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው የምጽፈው። ነፃው ደረሰኝ፤ አትሜ እናቴ መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። የቤቱን ቁጥር ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ነች።

በደብተሬ ላይ ተራ የሚጠብቁ ስሞች አሉ። ቀጥሎ የምከፍተው ናንድ ቱ ቴትሪስ የሚባለውን ትምህርት ነው፤ ኖአም ኒሳንና ሺሞን ሾከን ያዘጋጁት ሲሆን ዜሮና አንድን ተቀብላ ዜሮ ወይም አንድ ከምትመልስ ከአንዲት የኤሌክትሮኒክስ በር ተነሥቶ ሙሉ ኮምፒውተር እስከ መገንባት ያደርሳል። ሥራዎቹ በነፃ ይገኛሉ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ነገር አሁንም ይጠራኛል።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

የመጀመሪያው ስብሰባ በአዲሱ መዝገብ። ዝናብ ነበር፤ በድንኳኑ ውስጥ ላፕቶፑን በባትሪ አስነሥቼ ማተሚያዋን ከጎረቤት በተሳበ ገመድ ሰካሁ። ሰልፉ ከወትሮው ፈጠነ። ሁለት ሰዎች ስልካቸው መቀየሩን ነገሩኝ፤ አንድ ቦታ ላይ አረምኩት፣ በቃ።

እኚያ እናት ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ነበሩ። ስማቸውን በቀላሉ «ጸሀይ» ብዬ ፈለግኩ። ሁለት ሰው ወጣ፤ አንዷ በ«ፀ»፣ አንዷ በ«ጸ»፣ ከነቤት ቁጥራቸው። «የቤት ቁጥርዎ ስንት ነው እማማ?» ነገሩኝ። መዋጮውን አስገባሁ፤ ደረሰኙ ወጣ። ስማቸውን በ«ፀ»፣ ቀኑን «ጳጉሜን 2 ቀን 2017» ብሎ አትሟል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡት፣ ከዚያም አጥፈው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።